ዓርብ ዓርብ የሚጠፋው ኮምፒውተር

አሶሳ፣ የካቲት 10 ቀን 2006፣ ሰኞ

ቫይረሱ የነዕማን ድምፅ በላው። ሦስት ቀን ሙሉ የቀዳነው የጅግራዋ ንግግር ፎልደሩ እንዳለ አለ፤ ሲከፈት ግን ባዶ ነው። ቫይረሱ በማን ፍላሽ እንደገባ ቢሮው ሁሉ ያውቃል። በእኔ ነው። ቅዳሜ ፎቶ ቤት ሰክቼው ነበር።

ነዕማ አልተቆጣችም፤ የከበደኝም እሱ ነው። "እንደገና እንቀዳለና" አለችና ወንበሯን ሳበች። የበርታኛ ቋንቋ ባለሙያችን ናት፣ የአሶሳ ልጅ። ትምህርት ቢሯችን ለአንደኛ ክፍል ልጆች በበርታኛ በሚያሠራን የካርቱን ፊልም ውስጥ ጅግራዋንም፣ ጦጣውንም፣ ተረቱን የሚያወራውንም ሰው ሆና የምትናገረው እሷው ናት። እኔ ሥዕሉን አንቀሳቅሳለሁ። ፊልሙ ከፋሲካ በኋላ ላለው የትምህርት ቤቶች በዓል መድረስ አለበት።

አለቃችን አቶ ኤጀታ ከኮምፔርሳቶው ግድግዳ ማዶ ሆነው ሁሉንም ሰምተዋል። "ክልሉ ገና አዲስ ነው፤ ቫይረሱ ግን የቆየ ነው" አሉ። ክልሉ ከተቋቋመ ሃያ ዓመት ሆኖታል። ለሳቸው ግን ወረቀት ሲጠፋም፣ የመኪና ጎማ ሲፈነዳም ክልሉ ገና አዲስ ነው።

ወስኛለሁ። ኮምፒውተሩ ላይ ከዊንዶውሱ ጎን ሊኑክስ የሚባለውን ሌላ የኮምፒውተር ሥርዓት እጭናለሁ። የፍላሽ ቫይረስ እዚያ ጉልበት የለውም።

የካቲት 14፣ ዓርብ

በዊንዶውስ የመጨረሻው ሬንደር ተሳካ። አቶ ኤጀታ ሬንደር ምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ "ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ማብሰል ነው" አልኳቸው። አንዱን ረጅም ትዕይንት ለማብሰል ኮምፒውተሩ ሳይቋረጥ ሁለት ሰዓት መሥራት አለበት። ጠንከር ያለ ኮምፒውተር ያለን ደግሞ አንድ ነው፣ ወረፋው የብዙ ሰው ነው፣ ማታ አብርቶ መሄድም ክልክል ነው። ስለዚህ ሁለት ሰዓት የማገኘው ዓርብ ብቻ ነው፤ ከአምስት ተኩል እስከ ሰባት ተኩል፣ ሙስሊሞቹ ለጁምዓ ሲሄዱ እኛም ለምሳ ስንበተን። ስክሪኑን አጠፋለሁ፣ ማሽኑን ሥራ ላይ ትቼ እወጣለሁ።

ሥራው ሲከብደው ሥዕሉን የሚያበስለው የግራፊክስ ካርድ ማቀዝቀዣ ፋን ይጮሃል፤ ጠረጴዛው ሁሉ ይንቀጠቀጣል። የጽዳት ሠራተኛችን እትዬ ኡምኩልሱም "ጠያራው ተነሳ" ይላሉ፤ አውሮፕላኑ ማለታቸው ነው። ዓርብ ዓርብ ቢሮ የሚቀሩት እሳቸው ናቸው። አሁን ሣር የሚቃጠልበት ወቅት ስለሆነ አመዱ በመስኮት እየገባ ያስቸግራል። አቶ ኤጀታ "ከአንድ ሰዓት በላይ የሚቆም ማሽን ሁሉ ይሸፈን" የሚል ማስታወቂያ ለጥፈዋል፤ እትዬ ኡምኩልሱም ከተረፈ መጋረጃ ላስቲክ እያስገቡ ለየማሽኑ ልብስ ሰፍተውለታል። ማተሚያው እንኳ ከእኔ የተሻለ ለብሷል።

የካቲት 18፣ ማክሰኞ

ጾሙ በገባ በማግስቱ ሊኑክስ ገባ። እንዴት ደስ እንደሚል። ቡሬ ያለችው እህቴ በስልክ "ምን አገኘህ?" እስክትለኝ ድረስ ስስቅ ነበር።

አንድ ችግር ብቻ ገጠመን። ነዕማ ጅግራዋን እንደ አዲስ ስትቀዳ ማይኩ የፋኑን ጩኸት ይዞ ይመጣል። ሦስት ጊዜ ሞከረች። "ይቺ ጅግራ ወፍጮ ቤት ነው እንዴ የምትኖረው?" አለች።

በዊንዶውስ ፋኑን የሚመራ፣ ከካርዱ ጋር የመጣ ፕሮግራም አለ፤ ሙቀቱን እያየ ያፈጥነዋል፣ ያዘገየዋል። በሊኑክስ ያ ፕሮግራም የለም፤ ካርዱ ትንሽ ሲሞቀው ፋኑን ያስጮኸዋል። ፋይል ውስጥ አንድ መስመር ጨምሬ ፋኑን በእጅ የማዝበትን መንገድ ከፈትኩና ሠላሳ በመቶ ላይ አቆምኩት። ማሽኑ በተነሳ ቁጥርም እዚያው እንዲሆን አዘዝኩ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ነዕማ ቀና ብላ አየችኝና ፈገግ አለች።

አንዴ "በእጅ" ከተባለ ፋኑ ሙቀት ቢጨምርም ግድ የለውም፤ ያዘዘውን ሰው ነው የሚጠብቀው። ይህን አውቃለሁ። ያደረግኩት ለቀረጻው ጥራት ነው።

የካቲት 21፣ ዓርብ

ጠፋ። 7:30 ስመለስ ማሽኑ ሞቶ አገኘሁት። የበሰለውም ተበላሸ። መብራት አልሄደም፤ ዘበኛው ዐወድ ሬዲዮ ሲሰማ ነበር። ሌላ መጻፍ አልችልም፣ ተናድጃለሁ።

የካቲት 24፣ ሰኞ

ፈተሽኩት። አጠገቡ ቁጭ ብዬ በሙከራ ሥዕሎች ሁለት ሰዓት ሙሉ አሠራሁት። ወረፋ የነበራቸው ሰዎች በዓይናቸው በሉኝ። ሙቀቱ ሰማንያ አራት ዲግሪ ደረሰ፤ ብዙ ነው፣ ግን አልጠፋም። ስለዚህ ፋኑ ነፃ ነው። ሠላሳ በመቶው ይቆይ። ነዕማ ገና የጦጣውን ክፍል አልጨረሰችም።

ጦጣውን ስትሆን ዓይኗ ራሱ ይለወጣል። ይህ ለሥራው አስፈላጊ ማስታወሻ አይደለም።

የካቲት 28፣ ዓርብ

ደግሞ ጠፋ።

ነዕማ ከመስጊድ መልስ ስትገባ የስልኬን መብራት ይዤ ጠረጴዛ ሥር ተንበርክኬ ገመድ ሳይ አገኘችኝ። "አሁን ገባኝ" አለች። "ሰኞ ይሠራል፣ ረቡዕ ይሠራል፣ ጁምዓ ሲሆን ሥራ ያቆማል። ኮምፒውተርህ ሰልሟል።" ቢሮው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከሰዓት በኋላ አንዱ ማሽኑ ላይ "ለሰላት ወጥቻለሁ" የሚል ወረቀት ለጥፎበት አገኘሁ። ጽሕፈቱ የሷን ይመስላል። አላነሳሁትም።

መጋቢት 3፣ ረቡዕ

አቶ ኤጀታ ጠሩኝ። "ይሄ ሊኑክስ የምትለው ነገር ከመጣ ወዲህ ነው ማሽኑ የታመመው። በዊንዶውስ አንድም ዓርብ ጠፍቶ አያውቅም።"

እውነታቸውን ነው። እሱ ነው ያስደነገጠኝ። ሊኑክሱን ያመጣሁት እኔ፣ ያስፈቀድኩት እኔ፣ "ምንም አይሆንም" ብዬ የፈረምኩት እኔ።

"ጌታዬ፣ ሰኞ ፈትሼዋለሁ፤ ጤነኛ ነው" አልኩ። "ምናልባት ከሶኬት የሚነቅል ሰው ካለ እንጂ።"

አቶ ኤጀታ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። "ዓርብ እዚህ የሚቀረው ማነው?"

እኔ ስም አልጠራሁም። እሳቸው ናቸው ለራሳቸው "ቶሌ" ያሉት፤ እሺ፣ ገባኝ ማለታቸው ነው። እኔ በጥቅሉ ነው የተናገርኩት። ሶኬት የሚነቅል ሰው ሊኖር ይችላል፤ ስልክ ቻርጅ ለማድረግ ብለው ሰዎች ይነቅላሉ። ዓለም ላይ ያለ ነገር ነው።

መጋቢት 5፣ ዓርብ

ጠፋ። አቶ ኤጀታ አልተቆጡም። ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

አቶ ኤጀታ በስልክ ሲናገሩ በኮምፔርሳቶው በኩል የሰማሁት፦ "የጽዳት ሠራተኛዋ ውል መጋቢት 30 ያልቃል። አይታደስ። ... አዎ፣ ማስረጃማ የለም፤ ባለሙያው ግን ጠቁሟል።"

ባለሙያው እኔ ነኝ።

ቁጭ ብዬ ቀረሁ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። ጥቂት ቆይተው እትዬ ኡምኩልሱም ወለሉን እየወለወሉ ከውጭ ገቡ። "ወለዲ፣ እግር አንሳ" አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው፤ ከመጣሁበት ቀን ጀምሮ እንደዚያ ነው የሚጠሩኝ። ሁለቱንም እግሬን አንስቼ እንደ ሕፃን ተቀመጥኩ። ልጃቸው ፓዌ ነርስነት ትማራለች፤ ሁለት ዓመት ይቀራታል። ይህን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው፣ ባለፈው ክረምት፣ ጉንፋን ይዞኝ ዝንጅብል ያፈሉልኝ ጊዜ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ዓርብ ራሴ እቀራለሁ። ማን እንደሚነካው አያለሁ፤ ማንም የማይነካው ከሆነ እሳቸው ነፃ ይወጣሉ።

መጋቢት 12፣ ዓርብ

ቀረሁ። ማሽኑ ሁለት ሰዓት ሙሉ እንደ ሰዓት ሠራ። ትዕይንቱ ወጣ፤ ጦጣው ዛፍ ላይ የሚወጣበት ነው፣ እንዴት እንዳማረ።

እትዬ ኡምኩልሱም ሌሎቹን ማሽኖች ሸፍነው ሲጨርሱ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ኦቾሎኒ ሰጡኝ፤ "ጾም ነው አንተ፣ ይቺ ይፈቀዳል" አሉኝ። "ዛሬ አንተ አለህ፤ እዚህ ጋ እኔ ሥራ የለኝም" አሉና የጨርቅ መርፌያቸውን አወጡ። ደግ ሴት ናቸው። ስለ ልጃቸው፣ ስለ ባምባሲ ገበያ፣ እኔ ለምን እንደማላገባ አወራን። የመጨረሻው ላይ ረዘም ያለ ጊዜ ቆየን።

ደስ ብሎኝ ለአቶ ኤጀታ ነገርኳቸው። "አየህ" አሉኝ። "ሰው ሲጠብቀው አይነቀልም።"

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ልረዳቸው ብዬ ማስረጃ ጨመርኩባቸው።

መጋቢት 19፣ ዓርብ

ገባኝ። ገባኝ። ገባኝ።

ስልኬን ረስቼ ሰባት ሰዓት ላይ ተመለስኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ማሽኔ ልብሱን ለብሶ ቆሟል። አረንጓዴ መጋረጃ፣ በላስቲክ ግጥም ብሎ እስከ እግሩ ድረስ። እጄን ብሰድ እንደ ምድጃ ይፋጃል። ጠፍቷል።

"እትዬ፣ ይሄን እርስዎ ነዎት የሸፈኑት?" አልኳቸው ጥግ ላይ የሚጠርጉትን እትዬ ኡምኩልሱምን።

"እኔ ነው። ሁልጊዜ ነው። ሰባት ሰዓት ተሩብ ሲሆን ልብሱን አወጣለሁ፣ አጣጥፋለሁ፣ እናንተ ትመጣላችሁ።"

"እየሠራ እኮ ነበር።"

እትዬ ኡምኩልሱም ማሽኑን አዩ፣ እኔን አዩ። "አይደለም። ዝም ብሏል። ድሮ ይጮሃል፣ ጠያራ ነው፤ ሥራ ላይ ነው ብዬ እተወዋለሁ። አሁን ዝም አለ። ስክሪን ጨለማ ነው። ዝም ያለ ማሽን ጠፍቷል፣ የጠፋ ማሽን ይሸፈናል። ማስታወቂያው እዚያ አለ።"

በቃ። ይኸው ነው። ሦስት ዓርብ ያንገበገበኝ ነገር የመጋረጃ ቁራጭ ነው። ዛሬ አራተኛው መሆኑ ነው። ሳቄ መጣ፤ እሳቸውም ሳቁ፣ ለምን እንደምስቅ ሳያውቁ። እጃቸውን ይዤ "ሶኬት አልነበረም" አልኳቸው። "ምን ሶኬት?" አሉ።

መጋቢት 20፣ ቅዳሜ

ትናንት ማታ ተደስቼ ስለነበር ያልጻፍኩት አለ። ለአቶ ኤጀታ ወዲያው ነገርኳቸው። ሙቀት ነው አልኳቸው። በሽፋኑ ምክንያት አየር አጥቶ ነው አልኳቸው። ሁሉም እውነት ነው።

"ቶሌ" አሉ። "እንግዲያው ያጠፋችው እሷ ናት።"

እዚህ ጋ አንድ ዐረፍተ ነገር ይቀር ነበር። ፋኑ ዝም ያለው እኔ ዝም አስብዬው ነው የሚል። አጭር ዐረፍተ ነገር ነው። አፌ ውስጥ ነበር። አቶ ኤጀታ ግን ቀጠሉ፣ የአዲስ አበባውን ሥልጠና አነሱ፣ "ስምህን ልኬዋለሁ" አሉኝ። አመሰገንኩና ወጣሁ።

ፋኑን ለካርዱ መለስኩለት። አሁን ሲሞቀው ራሱ ይፈጥናል፣ ይጮሃል። ስለዚህ ችግሩ ተፈትቷል። ከእንግዲህ የሚጠፋ ነገር የለም።

ከእትዬ ኡምኩልሱም ውል በስተቀር።

መጋቢት 23፣ ማክሰኞ

ሰባት ቀን ቀረው። ዛሬ ልናገር ነበር። አቶ ኤጀታ ስብሰባ ነበራቸው።

ስብሰባው አራት ሰዓት ላይ አለቀ። ያኔ እኔ ሥራ በዝቶብኝ ነበር።

የምን ሥራ እንደነበር አላስታውስም።

መጋቢት 25፣ ሐሙስ

ነዕማ የመጨረሻውን ክፍል ስትቀዳ ፋኑ መሃል ገብቶ ጮኸ። ማዳመጫውን አወለቀችና በስሜ ጠራችኝ።

"ምንያህል፣ ይሄ ነገር እኮ ዝም ብሎ ነበር። አንድ ቀን እኔ ስቀዳ ዝም አለ። አስታውሳለሁ፤ የወፍጮ ቤቱ ቀን።"

"አስተካክዬው ነበር" አልኩ።

"አንተ ነህ ዝም ያሰኘኸው?"

"አዎ።"

"ለኔ ብለህ?"

"ለድምፁ" አልኩ። ለድምፁ ነው ያልኩት። ድምፁ የሷ ነው እንግዲህ፣ ምን ላድርግ።

ትንሽ ደስ ያላት መሰለኝ፤ ቢበዛ አንድ ደቂቃ። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ፤ ፈጣን ናት፣ እኔ ወር የፈጀብኝን እሷ ቆማ ደረሰችበት። "ስለዚህ ኡምኩልሱም ማሽኑ ጠፍቷል ብላ የሸፈነችው አንተ ዝም ስላሰኘኸው ነው። ውሏ እንደማይታደስ በኮምፔርሳቶው ሰምቻለሁ። ኤጀታ ይህን ያውቃል?"

ዓይኔን ወደ ስክሪኑ መለስኩ።

"የኔ ድምፅ እንዲጠራ የሷ በር ይዘጋ? እኔ ይህን አልጠየቅኩህም። ማንም አልጠየቀህም።" ማዳመጫውን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጠች። ብትወረውረው ይቀለኝ ነበር። "ይህን ፊልም ልጆች ያዩታል፣ ምንያህል። የሷ የልጅ ልጅም አንደኛ ክፍል ናት።"

አፈርኩ። ሌላ ቃል የለውም፣ አፈርኩ።

መጋቢት 26፣ ዓርብ

ጠዋት በአንድ ተኩል አቶ ኤጀታ በር ላይ ቆምኩ። እሳቸው ግን ለመስክ ማንቡክ ሄደዋል፤ ሰኞ ነው የሚመለሱት። ስልካቸው አይሠራም። ሐሙስ ብናገር ኖሮ። ማክሰኞ ብናገር ኖሮ። መጋቢት 3 ዝም ብል ኖሮ፣ መጋቢት 19 ዝም ባልል ኖሮ።

እኔ መናገር በሌለብኝ ቀን የምናገር፣ መናገር ባለብኝ ቀን ዝም የምል ሰው ነኝ።

በምሳ ሰዓት ማሽኑ እየጮኸ ሦስተኛውን ረጅም ትዕይንት አወጣ። እትዬ ኡምኩልሱም በሩ ላይ ሆነው "ጠያራው ተመለሰ" አሉ። ውላቸው አራት ቀን እንደቀረው ነገሩኝ፤ እንደ ዜና። "በየዓመቱ ይታደሳል፣ ኢንሻአላህ" አሉ። ማንም ምንም አልነገራቸውም።

መጋቢት 29፣ ሰኞ

ተናገርኩ።

እንዳይረሳኝ ሁሉን ልጻፍ። አቶ ኤጀታ ቦርሳቸውን ሳያስቀምጡ ነው የያዝኳቸው። ቆሜ ነው የተናገርኩት። ከጫፉ ጀመርኩ፤ ፋኑን እኔ ነኝ ሠላሳ በመቶ ላይ ያሰርኩት፣ ማንንም አላስፈቀድኩም፣ ለማንም አልነገርኩም። ማሽኑ ዝም ስላለ እትዬ ኡምኩልሱም እንደ መመሪያዎ ሸፈኑት። ሶኬት ነቅሎ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ሶኬቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ ራሴን ለማዳን። ከሽፋኑ በኋላም አሥር ቀን ደበቅኩዎት።

አቶ ኤጀታ ቀስ ብለው ተቀመጡ። "በዊንዶውስ ግን ለምን አልሆነም?"

"በዊንዶውስ ይጮህ ነበር፣ ጌታዬ። ጩኸቱን ሰምተው አይነኩትም ነበር።"

"እና ለምን ዝም አስባልከው?"

"ለቀረጻው።"

ከኮምፔርሳቶው ማዶ አንድ ሰው አሳለው። ደረቅ ሳል ነበር፣ በሽታ የሌለበት።

አቶ ኤጀታ ቀና ብለው ጣራውን አዩ። ክልሉ ገና አዲስ ነው የሚሉ መስሎኝ ጠበቅኩ። አላሉም። "እኔም ማስታወቂያ ስለጥፍ ሰው የሚሠራውን ማሽን ከቆመው የሚለይበት ምልክት አላስቀመጥኩም" አሉ። "ያንተ ግን ሌላ ነው። አንተ እያወቅህ ነው።" ስልኩን አነሱና ውሉ ይታደስ አሉ፤ እዚያው፣ እኔ ቆሜ። ከዚያ የአዲስ አበባው ሥልጠና ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ፣ ማስጠንቀቂያም በጽሑፍ እንደሚደርሰኝ ነገሩኝ።

ስወጣ ቅልል አለኝ። ነዕማ ቀና ሳትል "ድምፅህ ጥሩ ነው፤ ጦጣውን አንተ ብትሆን ይሻል ነበር" አለችኝ። ይቅርታ ይሁን ስድብ አላወቅኩም። እስካሁን እያሰብኩበት ነው።

መጋቢት 30፣ ማክሰኞ

ውሉ ተፈረመ። እትዬ ኡምኩልሱም ነገሩን በሙሉ የሰሙት ዛሬ ነው፤ ራሴ ነገርኳቸው። መጥረጊያቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ቆመው ሰሙኝ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፣ ወይም የሚመርቁኝ። ሁለቱንም አላደረጉም።

"ሦስት ጁምዓ ጠፋ፣ አይደል?"

"አራት፣ እትዬ።"

"አራት ጁምዓ እዚህ ነበርኩ እኔ። ገመድ አያችሁ፣ ኤሌክትሪክ አያችሁ፣ ዐወድን ጠየቃችሁ። እኔን ማን ጠየቀኝ? ወላሂ አንድ ቃል ነበር፤ 'ኡምኩልሱም፣ ምን አደረግሽ?' በቃ፣ ኸላስ።"

ይቅርታ ጠየቅኩ። መጥረጊያቸውን አነሱ። "እግር አንሳ" አሉኝ። ወለዲ አላሉኝም።

ሚያዝያ 2፣ ሐሙስ

አራተኛው ትዕይንት ትናንት ወጣ፤ አቶ ኤጀታ ወረፋውን ሁሉ ሰርዘው ሙሉ ቀን ሰጡኝ። ፊልሙ ለበዓሉ ደርሷል።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ማስጠንቀቂያዬ ደረሰኝ። በቢሯችን ደብዳቤ የሚያደርሱት እትዬ ኡምኩልሱም ናቸው። የመላኪያ መዝገቡን በብብታቸው ይዘው መጡና ፖስታውን ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። ልፈርም ስል መዝገቡን ወደ ራሳቸው ሳቡት።

"መጀመሪያ አንብብ። ጮክ በል።"

ከፈትኩትና አነበብኩ። ሠራተኛው የማሽኑን ፋን ያለ ፈቃድ በመቀነሱ፤ በዚህም ሳቢያ በሌላ ሠራተኛ ላይ ያለ ማስረጃ ጥርጣሬ እንዲያድር በማድረጉ። ጆሮዬ ጋለ። ነዕማ መጻፏን አቆመች። ወደ ታች ወረድኩ፦ "የጽዳት ሠራተኛዋ ወይዘሮ ኡምኩልሱም ግን በተሰጣቸው መመሪያ መሠረት ሥራቸውን በአግባቡ መፈጸማቸው ተረጋግጧል።"

"እሱን ድገም።"

ደገምኩ።

ወደ ነዕማ ዞረው በበርታኛ አንድ ነገር አሏት። ነዕማ ተነስታ መጣች፣ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደች፣ ያቺኑ መስመር በበርታኛ ተረጎመችላቸው። ተረቱን በምታወራበት ድምፅ ነው ያነበበችው፣ ቀስ ብላ፣ ለእያንዳንዱ ቃል ቦታ እየሰጠች። እኔ የገባኝ ስማቸው ብቻ ነው። እትዬ ኡምኩልሱም ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

ከዚያ መዝገቡን ከፈቱና ጣታቸውን ስሜ ላይ አኖሩ።

"አሁን ፈርም፣ ወለዲ" አሉኝ።

ፈረምኩ።